አፍ ሙሉ ስፒል

ሰፊዋ ክር ገዝታ ስትመለስ፣ ጥጉን እንደታጠፈች መጀመሪያ ያየችው የራሷን የስፌት መኪና ነበር። አስፋልት ዳር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከመርፌው ሥር የደንበኛ ሱሪ ግማሽ እግሩ ተሰፍቶ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ለአንድ አፍታ የሌላ ሰው መኪና ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። ፔዳሉ ላይ የተጠቀለለውን ቀይ ጨርቅ ስታይ ግን ክው አለች። ያንን ጨርቅ እግሯ እንዳይንሸራተት ብላ የጠቀለለችው እሷው ናት፤ እንደ ልማዷም አንድ ስፌት አልበቃት ብሎ ደርባ ሰፍታዋለች።

ከመኪናው ቀጥሎ የመቁረጫው ጠረጴዛ ተገልብጦ እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ከዚያ የልጇ አልጋ፣ የታጨቀ የወጥ ቤት ዕቃ፣ ካውያው ከነገመዱ። በዚህ ሁሉ መሃል አማቷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«መጣሽ?» አሉ። «ተነሺ ሲሉኝ ወንበሩን ይዤ ተነሣሁ። ከዚህ ወዲያ ግን ንቅንቅ አልልም ብያቸዋለሁ።»

ሁለት የጉልበት ሠራተኞች ከቤት ዕቃ እየተሸከሙ ይወጣሉ። በሩ ላይ ዶሴ በብብቱ የያዘ፣ ጠና ያለ የፍርድ አስፈጻሚ ቆሟል፤ አጠገቡ አንድ ፖሊስ ጥላ ፍለጋ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አከራዩ ከመንገዱ ማዶ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ የመብራት እንጨት ይመለከታል። ሰፊዋን ላለማየት ሲል እንጂ እንጨቱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። የያዘችውን የክር ከረጢት አማቷ ጭን ላይ አስቀመጠች፤ ሌላ የሚቀመጥበት የራሷ የሆነ ቦታ ያለ አልመሰላትም።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ባሏ መካኒክ ነው። ይህ ውሸት የለበትም፤ የኪራይ ውሉ ላይም በራሱ እጅ «መካኒክ» ብሎ ነው የጻፈው። የሚጠግነው ግን የሠራዊቱን ከባድ መኪኖች ነው፤ ማዕረጉም ሃምሳ አለቃ። ቤቱን ከተከራዩ ብዙም ሳይቆይ የጦር ክፍሉ ለግዳጅ ተንቀሳቀሰ። ሠፈርተኛው በሲቪል ልብስ ሲወጣ ሲገባ ጥቂት ጊዜ አየው፤ ከዚያ ድምጥማጡ ጠፋ።

ከመሄዳቸው በፊት የወታደሮቹ ቤተሰቦች ወደ አንድ አዳራሽ ተጠርተው ነበር። አዛዡ ተነሥቶ፣ ሰዎቻችሁ የት እንዳሉ፣ ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ፣ መቼ እንደሚመለሱ በስልክም ሆነ በገበያ ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ አስጠነቀቀ። ሰፊዋ ልክ ስትወስድ ሁልጊዜ ትርፍ ጨርቅ የምትተው ሴት ናት፤ ኋላ ቢጠብ የሚለቀቅ፣ ቢሰፋ የሚያዝ። የአዛዡንም ቃል እንደዚያው አድርጋ ቆረጠችው። የት እንዳለ አይነገርም ከተባለ ወታደር መሆኑም ባይነገር ይሻላል። ወታደር መሆኑ ካልተነገረ ደግሞ ስለ እሱ ጭራሽ ባይወራ ይመረጣል።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «ባለቤትሽስ ደኅና ነው?» ሲላት ስፒሎቿን ጠረጴዛዋ ላይ ካለው የስፒል መትከያ እየነቀለች ከንፈሯ መሃል ትደረድራለች። አፉ ስፒል የሞላ ሰው አይናገርም፤ ስፒል የሞላ አፍንም የሚጠይቅ የለም። ትንሿን ልጇን «አባቴ መካኒክ ነው» ከማለት በቀር ምንም እንዳትል አስጠናቻት። አማቷን ማስጠናት ስለማይቻል ለመነቻቸው። እሳቸውም ጎረቤት ስለ ልጃቸው በጠየቃቸው ቁጥር ጆሯቸው የማይሰማ ሆነ። እነዚያ ጆሮዎች ሦስተኛው ቤት የሚንሾካሾኩትን የሚይዙ ናቸው።

የክብር ልብሱንም አልማረችውም። ከገበር ጨርቅ ግራጫ ሽፋን ሠርታ፣ ዚፕ እንኳ ሳታስገባለት ልብሱን ከትታ ታቹን ዙሪያውን ደርባ ሰፋችው። ቁም ሣጥኑን የከፈተ ሰው የሚያየው ጆንያ መሳይ ነገር ነው።

አከራዩ ክፉ ሰው አይደለም። ኪራዩም በየጊዜው ይገባለታል። ያሳሰበው ሌላ ነው፤ ውሉን የፈረመው ባልየው ነው፣ ውሉም ተከራዩ ቤቱን ጥሎ ከሄደ ወይም ለሌላ ካስተላለፈ ይፈርሳል ይላል። ባልየው የለም። የፊተኛው ክፍል ልብስ መስፊያ ሆኗል። እሱ ደግሞ አዲስ ያገባች ልጅ አለችው፣ ከነባሏ እሱ ላይ ተጣብባ የምትኖር። ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ባልሽ የት ነው ብሎ ጠየቃት። «ለሥራ ወጥቷል፣ ጋሼ» አለችና ስፒሎቿን ነከሰች። ሰውየው ከሰሰ።

መጥሪያው በር ላይ ሲለጠፍ ሰፊዋ አልደበቀችውም፤ ለባብሳ ፍርድ ቤት ሄደች። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ተከሳሹ የት አለ አላት። ለሥራ ወጥቷል አለች። ሥራው የት ነው ሲላት አልናገርም፣ መቼ ይመለሳል ሲላት አልናገርም፣ ውክልና አለሽ ወይ ሲላት የለኝም አለች። ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ኀዘኔታ የመሰለ ነገር አየች፤ ለምን እንደሚያዝንላት ግን አልገባትም። እሷ በሥራዋ ባለቤቱ የሌለበትን ልብስ አትለካም። ሰውየው የሌለበት ክስም እስኪመጣ የሚቆም መስሏት ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

አልቆመም።

አስፈጻሚው ዶሴውን ሳይከፍት በአጭሩ ነገራት። ተከሳሹ ተጠርቶ ስላልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ታይቷል፤ ቤቱን ለቆ ለአከራዩ እንዲያስረክብ ተወስኗል፤ የማስለቀቂያ ማስታወቂያውም በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። እሷ እሱንም እንደ መጀመሪያው መጥሪያ፣ ባለቤቱ ሲመጣ የሚታይ ነገር አድርጋ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

«በምን ምክንያት ነው የተፈረደብን?» አለች።

«ጥሎ ጠፍቷል ተብሎ ነዋ።»

«ማን?»

«ባልሽ።»

ይህን ጊዜ የጎረቤት ጸጉር ሠሪዋ የአንዷን ደንበኛ ራስ በሳሙና እንደተለወሰ ትታ መጣችና በእርጥብ እጇ ትከሻዋን አቀፈቻት። «ተይው እህቴ» አለቻት በጆሮዋ። «ጥሎሽ ከጠፋ ጀምሮ ሁላችንም እናውቃለን። እንዳናሳፍርሽ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ከዕቃው መውጣት ይልቅ ይህ አስደነገጣት። እሷ ለካ ምሥጢር ስትጠብቅ፣ ሠፈሩ ደግሞ የእሷን ምሥጢር ሲጠብቅላት ኖሯል። ያልገባት ሁሉ ባንዴ ይገለጥላት ጀመር። ጸጉር ሠሪዋ ልጇን እየጠራች ጸጉሯን የምትሠራላት ለዚህ ነው። ሴቶቹ ምንም ያልሆነ ቀሚስ ይዘው «እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ ንኪልኝ» እያሉ የሚመጡት ለዚህ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ባለሱቅ ሚስቱን የፈታ ወንድሙን በየሳምንቱ ሱሪ ሊያስጠብብ የሚልክላት ለዚህ ነው። እሷኮ ወንድምየው እየከሳ መስሏት አዝናለት ነበር።

«አልጠፋም» አለች። ቃሉ ቀጥኖ ወጣ። ጸጉር ሠሪዋ አቅፋ እንደያዘቻት ራሷን ነቀነቀች፤ እንዲህ የሚሉ ሴቶችን አይታ ታውቃለች።

ሠራተኞቹ ይህን ጊዜ ቁም ሣጥኑን ይዘው ወጡ። የፊተኛው በጀርባው እየሄደ ስለነበር ደረጃው ጠርዝ ላይ እግሩ ሳተና ቁም ሣጥኑ አንድ ጎኑ ወረደ፣ በሩም ተበርግዶ ተከፈተ። ግራጫው ሽፋን ተንሸራቶ መሬት ወረደ፤ ስፌቱ ግን አንዲት ክር አልላላም። ሰፊዋ በዚያ ድንጋጤ መሃል እንኳ ይህን ልብ አለች። ሽፋን ያልሰፋችለት ሌላ ነገር መኖሩን ግን ረስታ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ የባሏ መለዮ ቆብ ወደቀና በጠርዙ እየተሽከረከረ የእግረኛውን መንገድ አቋርጦ፣ ፖሊሱ ጫማ ሥር ሲደርስ ተኝቶ ቀረ፤ አርማው ወደ ላይ።

ፖሊሱ ከግድግዳው ተላቅቆ ቀጥ አለ። ማን እንዳዘዘው እሱም አያውቅም።

አስፈጻሚው ጎንበስ ብሎ ቆቡን አነሣ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ገልብጦ ውስጡን አየ፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ለሠራተኞቹ ቁም ሣጥኑን ባለበት እንዲያቆሙት ነገራቸው።

«የማን ነው ይሄ?»

ሰፊዋ እጇን ወደ መትከያው ሰደደች። መትከያው የለም። ጠረጴዛው ሲገለበጥ አብሮ ወድቆ ስፒሎቹ አስፋልቱ ላይ ተበትነው በፀሐይ ያብለጨልጫሉ። አፏ ባዶውን ቀረ። ከመንገዱ ማዶ አከራዩ እንጨቱን ማየት ትቶ ወዲህ ዞሯል፤ ባለሱቁ ከነሚዛኑ ወጥቷል፤ በሳሙና የተለወሰችው ሴት ሳይቀር ፎጣዋን አገልድማ በር ላይ ቆማለች። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ብትናገር ቃሉ ተነሥቶ እሱ ያለበት ድረስ የሚሄድ፣ ደርሶም አንድ ነገር የሚያደርገው መሰላት። ባትናገር ደግሞ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልጋዋን የምታገኘው አስፋልት ላይ ነው።

«ንገሪው» አሉ አማቷ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «አለበለዚያ እኔ እነግረዋለሁ። ጆሮዬ ዛሬ ድኗል።»

«የባሌ ነው» አለች ሰፊዋ። «ወታደር ነው።»

«አሁን ግዳጅ ላይ ነው?»

«የት እንዳለ አልናገርም።»

«የት ነው አላልኩም» አለ አስፈጻሚው በትዕግሥት። «ግዳጅ ላይ ነው አይደለም?»

ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች።

አስፈጻሚው ዶሴውን ቆቡ ላይ ደርቦ ያዘና ሕጉን እንደ ዕለት ሥራው፣ ሳያካብድ ዘረዘረላት። ግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ቀርቦ መከራከር ካልቻለ በሌለበት አይፈረድበትም፤ ተፈርዶ ከሆነም ይነሣል። የሚያስተዳድራቸው ሰዎች፣ ሚስቱም ልጁም እናቱም፣ እሱ ተመልሶ ራሱን እስኪከላከል ካሉበት ቤት አይወጡም። ይህን ለማግኘት የት እንዳለ መናገር አያስፈልግም። ወታደር ነው ማለት ይበቃል፤ ማረጋገጡ የክፍሉ ሥራ ነው። «ግን ፍርድ ቤት ጠንቋይ አይደለም፣ እህቴ። ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ለመሆኑ ሲሄዱ ይህንን የነገራችሁ ሰው የለም?»

ሰፊዋ የለም ልትል ነበር። አዳራሹ ትዝ አላት። ከአዛዡ ቀጥሎ አንድ የሕግ መኮንን ተነሥቶ ነበር። ረጅም ጊዜ ተናግሯል። የኮቱ ግራ ትከሻ ወደ ታች ተንጋዷል፤ ኮሌታው አንገቱ ላይ አላረፈም፤ እጅጌውን የገጠመው ሰው ቀኙን ከግራው አምታቶታል። እሷ ንግግሩን ሙሉ ያንን ኮት በዓይኗ እየፈታች፣ ትከሻውን እየለቀቀች፣ እጅጌውን ነቅላ እየገጠመች ነው የጨረሰችው። ከስፌቱ አንዲት ክር አላመለጣትም። ከተናገረው አንዲት ቃል አልያዘችም። አሁን ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ የተናገረው ይህንን እንደነበረ ስታውቅ፣ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

አከራዩ መንገዱን ተሻገረ። ተናዶ የሚመጣ መስሏት ወደ አማቷ ተጠጋች። ሰውየው ግን ቆቡን እያየ ቆመ። «እኔኮ ጥሏት ጠፋ ብዬ ለዳኛ ምዬ ተናገርኩ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «እንዲህ ያለ ባል አይግጠምሽ ብዬ ለልጄ ሳይቀር ተረኩላት።» ወደ ሰፊዋ ዞሮ፣ አንዲት ቃል ተንፍሰሽ ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ምን ያመጣኝ ነበር ብሎ ወቀሳት። ወቀሳው ልክ ነበር።

አስፈጻሚው ማስለቀቁን አቆመና ሰፊዋንና አከራዩን ይዞ በዚያኑ ዕለት ከሰዓት ዳኛዋ ፊት አቀረባቸው። ዕቃው ፖሊሱና አማቷ እየጠበቁት አስፋልት ላይ ዋለ። ፖሊሱ በኋላ እንዳወራው፣ አሮጊቷ ጥላ ወዳለበት ሦስቴ ወንበራቸውን አስቀይረውታል፤ የልጃቸውንም የልጅነት ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ነግረውታል። ያ ሁሉ ጊዜ ታፍኖ የኖረ ወሬ ነዋ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የዳኛዋ ጠረጴዛ፣ የማይሠራ ማራገቢያ። ዳኛዋ የአስፈጻሚውን ማመልከቻ አነበበች፣ ቆቡን አየች፣ መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጣ ሰፊዋ በመስኮቱ የመለሰችውን መልስ ፈለገች። አገኘችው።

«መዝገብ ቤት ስትጠየቂ ለምን አልተናገርሽም?»

«እንዳትናገሩ ተብለናል።»

«ምን እንዳትናገሩ?»

ሰፊዋ ያለበትን ቦታ ልትል ጀመረችና አቆመች። ስትጀምረው እንኳ ልኩ ጠባብ እንደሆነ ተሰማት፤ የቀረውን ሁሉ የጨመረችው ራሷ ናት። «ትርፍ ተውኩበት» አለች። ዳኛዋ አልገባትም። ግን አላስደገመቻትም፤ የባሏን ሙሉ ስምና ክፍሉን ብቻ ጠይቃ ጻፈች። ክፍሉ በግዳጅ ላይ መሆኑን እስኪያረጋግጥ አፈጻጸሙ እንዲታገድ፣ ማረጋገጫው ሲደርስ በሌለበት የተሰጠው ፍርድ እንዲነሣ፣ ክሱም ሰውየው እስኪመለስ ባለበት እንዲቆም አዘዘች። አከራዩ ተቃውሞ አለህ ወይ ሲባል የለኝም አለ። ከዚያ ደግሞ አለኝ አለና፣ ልጄስ የት ትግባ ብሎ ጠየቀ። ዳኛዋ ያ ሌላ ጉዳይ እንደሆነ ነገረችው። እሱም እንደሚያውቅ፣ ግን አንድ ሰው ፊት ማለት ፈልጎ እንደሆነ ተናግሮ ተቀመጠ።

ዕቃውን መልሶ ያስገባው ሠፈሩ ነው። ባለሱቁ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ከወንድሙ ጋር ተሸከመ፤ ወንድምየው ፊቱን ከሰፊዋ እያዞረ፣ በጠበበው ሱሪው እንደምንም እየተራመደ። ጸጉር ሠሪዋ ስፒሎቹን ከአስፋልት ለቀመች። መኪናው ሲነሣ ሲጣል አንድ እግሩ ስለላላ ሰፊዋ ካርቶን አጥፋ አስደገፈችው። ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አልጋዋ ቦታው ላይ ነበር። ቆቡ ግን በመስኮቱ በኩል፣ ከመንገድ በሚታይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አገኘችውና ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

«አባቴ መካኒክ ነው» አለች በፍርሃት፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ነው» አሉ አያቷ። «ወታደርም ነው። አሁን ማለት ይቻላል።»

ባሏ የደወለው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል። ሰፊዋ ሁሉንም ነገረችው፤ ጠረጴዛውን፣ ቆቡን፣ ዳኛዋን።

«እና ሠፈሩ ሁሉ ጥሏት ጠፋ ነው የሚለኝ?» አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«ይል ነበር። አሁን አይልም።»

«አለቃ» አለ። ከተጋቡ ጀምሮ የሚጠራት እንደዚህ ነው። «የት እንዳለሁ አትናገሪ ተባልሽ እንጂ፣ እንደሌለሁ አድርጊኝ ማን አለሽ? የሕግ መኮንኑስ አዳራሹ ውስጥ ይሄንን ሁሉ ነግሯችሁ የለም?»

«ግራ ትከሻው ተንጋዶ ነበር» አለች።

ሳቁ ሲመጣ ሰማችው፤ ሳቁን ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

ማረጋገጫው ከክፍሉ መጣ፤ ፍርዱም ተነሣ። አከራዩ አንድ ከሰዓት የአሮጌ ኮቱን ገበር ሊያስቀይር መጥቶ አማቷ አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ልጁ አወራ፤ እስካሁን ቤት አላገኘችም። ስለ ሙቀቱም አወራ። ሰፊዋ ኮቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሰውየው ሚስማሩ ላይ ያለውን ቆብ ሲያይ ቆይቶ ጎንበስ አለ፤ አሁን ቤተሰብ እንደሆነና ከእሱ የሚደበቅ እንደሌለ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ልጃችን የት አካባቢ ነው ያለው?» አላት።

አማቷ ወዲያው ጆሯቸው መስማት አቆመ። ሰፊዋ ፈገግ አለችለት፣ እጇን ወደ መትከያው ሰደደች፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ከንፈሯ መሃል መደርደር ጀመረች።